የታንከሩ ውሃና የኦይታ ፍየል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጂንካን በእግሬ እዞራለሁ፤ ለስኳርህ ጥሩ ነው ብለውኛል። ችግሩ መንገዴ ላይ ጎሚስታዎች አሉ፤ ጎሚስታ ካየሁ ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። ጎማ የምትነፋዋ ኮምፕሬሰር ጋ ጎንበስ ብዬ የታንከሯን ሆድ በጣቴ አንኳኳና "ውሃዋን መቼ ነው ያፈሰስካት?" እላለሁ። አንዱ "ጋሼ፣ እኛ አየር እንጂ ውሃ አንሸጥም" ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ከሥር ያለችውን መክፈቻ ፈታሁ። ቡናማ ውሃ ጫማው ላይ ተፋችበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጋሽ አፍስሱ" የሚል ስም ወጥቶልኛል። ይበሉኝ፤ ከዚህ የባሰም ተብዬ አውቃለሁ።

ነገሩ ቀላል ነው። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ይጨመቃል፤ ታንከሩ ሲቀዘቅዝ ውሃ ሆኖ ከታች ይጠራቀማል። ካላፈሰሱት ብረቱን ይበላል። ከአየሩ ጋር ሾልኮ በጎማው ቱቦ ከሄደ ደግሞ በአየር የሚሠራው መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ዘይቱን ያጥበዋል፣ ከዚያ ያዝገዋል። ሌላ ጥበብ የለውም። ዛሬ ጉድጓድ የሚቆፍረው ትልቁ መኪና መጥቶ ሥራውን በአጭር ጊዜ ጨርሶ ሲሄድ ሳይ፣ እኛ ያን ሁሉ ዘመን ድንጋይ ለድንጋይ የተንከራተትነው ለምን ነበር እላለሁ። መልሱን ግን አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ያ መኪና አልነበረም፤ እኛ ነበርን።

ያደግሁት ካኮ ገበያ ዳር ነው። አሪ ነኝ፤ ነገር ግን ገበያው በናውን ሁሉ ስለሚያመጣ የበናን ቋንቋ ከጨዋታ ጋር ነው የለመድኩት። ይህ ቋንቋ በኋላ ምን እንደሚያሸክመኝ አላወቅሁም። ሥራ የያዝኩት ደርግ በገባ ሰሞን ነው፤ መጀመሪያ ጂንካ አጠገብ ድንጋይ በሚወጣበት ካባ ላይ ጫኝ ሆንኩ። አለቃችን ከወታደር ቤት የመጣ ሰው ነበር፤ ሥራ የሚሠራው በጩኸት ብቻ ይመስለዋል። ደመወዙ ለመናገርም የሚያሳፍር ነበር፤ እሱን እንተወው። ከዚያ ወደ ውሃ ጉድጓድ ሥራ ተዛወርኩና በኮምፕሬሰር ረዳት ኦፕሬተርነት ጋሽ በላቸው እጅ ላይ ወደቅሁ። ሕይወቴ የተጀመረው ያን ቀን ነው ብል አላጋነንኩም።

ጋሽ በላቸው ከሰላሌ መጥቶ ጂንካ የቀረ፣ አጭር፣ ጠይም፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። ሰው ሁሉ ሥራ አበቃ ብሎ እጁን ሲታጠብ እሱ ገና ጎንበስ ይላል። አመሉን አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ። ሞተሯን ወዲያው አያጠፋም፤ ጭነቱን አውርዶ ትንሽ እንድትተነፍስ ይተዋታል። ከዚያ የጃክ ሀመሩን፣ የድንጋይ መስበሪያውን፣ የአየር ጎማ ይፈታና በአፉ በኩል ዘይት ጠብ ያደርግበታል፤ መልሶ ገጥሞ በቀስታ ያስነሳዋል። መዳፉን አየሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ፊት ይደቅናል። መዳፉ ላይ ስስ ዘይት እስኪያርፍ ድረስ አያቆምም። ያሻሸዋል፣ ያሸተዋል። "አሁን ጠግቧል" ሲል ብቻ ነው መሣሪያው ወደ ሳጥኑ የሚገባው።

በመጨረሻ ታንከሩን ያፈሳል። መክፈቻዋን ፈትቶ ውሃው ወጥቶ፣ አረፋው ወጥቶ፣ ደረቅ አየር ብቻ እስኪያፏጭ ድረስ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። የጎማዎቹን አፍ አቧራ እንዳይገባ በጨርቅ ያስራል፤ የአየር ፊልትሮዋን በነጭ ጋዝ ያጥባል። ይህ ሁሉ ሳያልቅ ምሳውም ራቱም አይቀርብለትም። አንዴ የአውራጃው ባለሥልጣን ሊጎበኘን መጥቶ እጁን ቢዘረጋለት "ቆይ ጌታዬ፣ ገና አላፈሰስኩም" ብሎ አስቁሞታል። ሰውዬው እጁን እንደዘረጋ ቀረ። እኛ ዞር ብለን ሳቅን።

ብዙ ቦታ አብረን ሠራን፤ ብዙ ጉድጓድ አወጣን። ማስታወስ የምፈልገውም የማልፈልገውም ግን አንዱን ነው።

በድርቁ ጊዜ ነው። ከወይጦ ወደ ቀይ አፈር በሚወጣው መንገድ ላይ ወደ ቁጥቋጦው ገባ ብሎ ባለ የፀማይ መንደር ጉድጓድ እንድንቆፍር ታዘዝን። ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል። የወይጦ ወንዝ ራሱ በየቦታው ደርቆ ሰዉ አሸዋ እየቆፈረ ነበር የሚጠጣው፤ እሱም ከመንደሩ ሩቅ ነው። መሄድ የሚችል ሁሉ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዙ ወርዷል። የቀሩት ጥቂት አቅመ ደካሞችና ኦይታ ናቸው።

ኦይታ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ ነው። ልጆቹ ከብቱን ይዘው ሲወርዱ እሱ የቀረው ሚስቱ ታማ መነሳት ስላቃታት ነበር። በሸክም እንውሰዳት ቢሏት በመንገድ አልሞትም ብላ እምቢ አለች። ለእሷ ብለው አንዲት የምትታለብ ፍየል ትተውላቸዋል። እህል የማይወርድላት ሴትዮ የምትኖረው በዚያች ፍየል ወተት ነው። ጉድጓዱ የሚቆፈርበትን ቦታም ያሳየን ኦይታ ነው። በዚያ ሁሉ ድርቅ ቅጠሉን ያላረገፈ አንድ ዛፍ ነበር፤ ከሥሩ በበትሩ መሬቱን ወጋና "እዚህ" አለ። በየማለዳው መጥቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣል። ፀማይ ቢሆንም የበናን ቋንቋ ስለሚያውቅ ከእኔ ጋር ያወራል፤ ስንት ቀረ፣ ድንጋዩ ምን ይመስላል፣ ይለኛል።

መጀመሪያ ላይ ከውሃ በርሜላችን ለእሱም ለቀሩትም እንሰጥ ነበር። ኋላ ውሃ የሚያመላልሰው መኪና ተበላሸና ጂንካ ቆመ። ተቆጣጣሪያችን አቶ ግርማ በርሜሉን ቆለፈ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጉድጓድ ውስጥ በአቧራ የሚውሉት ቆፋሪዎች ካልጠጡ ሥራው ይቆማል፣ ሥራው ከቆመ ሁሉም ያልቃል አለ። ለሰዎቹ ከእያንዳንዳችን ድርሻ እየተቆረጠ ጥቂት እንዲሰጣቸው ተስማማን። ለፍየል ግን የሚተርፍ የለም።

አንድ ቀን ማታ ላይ ጋሽ በላቸው እንደ ልማዱ ታንከሩን ሲያፈስ ኦይታ ከጎኑ ቆሞ አየ። ውሃው መሬት ላይ ሲፈስ፣ አሸዋው ሲጠጣው አየ። ጎንበስ ብሎ እርጥቡን አሸዋ በእጁ ነካው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ይህን ውሃ ለምን ትጥሉታላችሁ አለኝ። ዘይት አለበት፣ አይጠጣም ብዬ አስረዳሁት። ለእኔ አይደለም ለፍየሏ ነው አለ። ለጋሽ በላቸው ተረጎምኩለት። ዘይት የጠጣች ፍየል ትሞትብሃለች በለው አለኝ፤ ሽማግሌው ግን ቅሉን ይዞ ቆሞ ቀረ። ይህ ነገር የጋሽ በላቸውን አንጀት እንደበላው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ጋሽ በላቸው ኮምፕሬሰሯ ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት። ማታ ሳያፈስ፣ አየሩን እንደያዘች አሳድሯታል። ውሃው ሌሊቱን ሲረጋ ዘይቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከታች በኩል በቀስታ ሲከፍቱት መጀመሪያ የሚወጣው ጥሩ ውሃ ነው። ታንከሩ ሲቀዘቅዝም ከቀኑ የበለጠ ይጠራቀማል። ዘይቱ ሊመጣ ሲል ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። የወጣውን በነጠላ ጨርቅ አጠለለው፤ በምላሱ ቀመሰው፣ ፊቱን አላጠቆረም። ኦይታ ሲመጣ ቅሉን ሞላለት። ሽማግሌው ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ፤ ወደ ቤቱ የሄደበትን ፍጥነት አልረሳውም።

እንግዲህ ልማድ ሆነ። ማታ ማፍሰስ ቀረ። ቀን ቀን እንዲጠራቀም ተብሎ የምሳ ሰዓቱም ማፍሰስ ቀረ። አየሩ ለሌሊት እንዲተርፍ ሲባል ያ ጃክ ሀመሩን ዘይት እስኪጠግብ የማስነሳቱ ነገር አጠረ፤ ጠብ ያደርግና አንዴ አስጩሆ ያቆማል። መዳፉን መደቀኑን ተወ። ዘይቱም እያለቀብን ነበር። "ጋሼ፣ ውሃው በዝቶ ወደ ጎማው እንዳይሄድ" አልኩት አንድ ቀን። ምን ያህል ያውቀው እንደነበር ከእኔ በላይ ማን ይመሰክራል? "አውቃለሁ" አለኝ። "ጉድጓዱ ቀድሞ ያልቃል።"

የፈረደው እንደዚያ ነው። በአንድ በኩል ፍየሏ፣ በሌላ በኩል ብረቱ። ብረቱ እስከ ውሃው ድረስ ይችለኛል ብሎ ገመተ። ፍየሏም እውነትም ዳነች። ወተቷ ቀጥ ብሎ የነበረው መለስ አለ፤ ሚስቱ ቀና ብላ ተቀመጠች ብሎ ኦይታ ነገረኝ። ጋሽ በላቸው ይህን ስተረጉምለት ሲስቅ ጥርሱን አየሁት።

ከጉድጓዱ የሚወጣው የድንጋይ ፍርካሽ ቀለሙ እየጠቆረ መጣ። ኦይታ እያነሳ ያሸታል፣ ጉንጩ ላይ ያስነካዋል፤ ቀዝቃዛ ነው ይላል። ደረስን ተባባልን። ሁለት ጃክ ሀመር ነበረን፤ አንደኛው በዚያው ሰሞን ድምፁ ተለወጠና ቆመ። አርጅቷል አልን፣ እውነትም አርጅቶ ነበር። ሁለተኛውን አወረድን። እሱም አንድ ረፋድ ላይ ከጉድጓዱ ሥር እየተንተፋተፈ ይሰማኝ ጀመር። ያን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ ቀጥ አለ። ድንጋዩን የሚወጋው ሹል ብረት፣ ፑንታው፣ ድንጋዩ ውስጥ ተሰክቶ ተሰበረ፤ ቆፋሪውም መሣሪያውን ብቻ ይዞ ወጣ።

ጋሽ በላቸው ሸራ አንጥፎ ፈታው። ውስጡ ቀይ ጭቃ ነበር። ፒስተኑ ተፋፍቆ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል፤ አንድ ጠብታ ዘይት የለበትም። የመጀመሪያውንም ፈታው፤ ያው ነው።  ጋሽ በላቸው መዳፉን አየው፤ ዝገት ሞልቶበታል።

ያልሞከርነው ነገር የለም። በነጭ ጋዝ ዘፈዘፍነው፣ አሸነው፣ ከሁለቱ አንድ ለማውጣት የአንዱን አካል ለሌላው ገጠምን። ለግማሽ ቀን ሠራ፤ ከዚያ ፒስተኑ ተሰነጠቀ። መለዋወጫ ከአርባ ምንጭ ተጠየቀ፤ የለም ተባለ፣ አዲስ አበባም ጠይቁ ተባለ። በመዶሻና በመሮ ወረድን። ድንጋዩ ግን ድንጋይ አይምሰላችሁ፤ መሮውን መልሶ ይተፋዋል። የቆፋሪዎቹ እጅ ደማ። በመጨረሻ ኮምፕሬሰሯን ይዛችሁ ወደ ጂንካ ተመለሱ የሚል ትእዛዝ መጣ።

ለኦይታ መንገር ነበረብን። አቶ ግርማ መሣሪያው አርጅቶ ተበላሸ በሉት አለ፤ ውሸትም አልነበረም። ጋሽ በላቸው ግን እኔን ይዞ ሽማግሌው ቤት ሄደ። ሚስቱ ከውስጥ ተጋድማ ትሰማለች፤ ፍየሏ ደጅ ታስራለች።

"ማርቆስ፣ የምነግርህን ሳታለሳልስ ንገረው" አለኝ። "ጉድጓዱ የቆመው በእኔ ነው በለው። ማታ ማታ ማፍሰስ የነበረብኝን ውሃ ለፍየሏ ስል አሳደርኩት፤ ውሃው መሣሪያዬን ገደለው።"

 ያን ሰው እንደ አባቴ ነበር የማየው። ቢሆንም ሳላለሳልስ ነገርኩት፤ የሱን ቃል እንደ ቃሉ። ኦይታ ፍየሏን አየ። ቢቆጣ ይሻለን ነበር።

"ውሃውን የወሰድኩት እኔ ነኝ" አለ። "ለምን ጥፋቱን ሁሉ ለራሱ ያደርገዋል?"

ተረጎምኩ። ጋሽ በላቸው ፊቱን ወደ ቁጥቋጦው አዞረ። ከዚያ ሦስታችንም መሬት ላይ ተቀመጥን።

የምንሄድ ዕለት ማለዳ ዕቃው ሁሉ ተጭኖ ኮምፕሬሰሯን ከመኪናው ጋር ለማያያዝ ስንጠባበቅ ጋሽ በላቸው አስነሳት። ምንም ጎማ አልተገጠመባትም፤ የሚሠራ መሣሪያም የለንም። ናፍጣ በዚያ ጊዜ እንደ ወርቅ ነው። አቶ ግርማ ከመኪናው ጋቢና ወርዶ ቆሞ አየ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ኦይታን ከነቅሉ አየውና ተመልሶ ገባ። እስኪረፍድ ድረስ ለውሃው ብቻ አንቀሳቀሳት፤ አየሩ ሲሞላ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ይለቃል፣ እንደገና ይሞላል። ከዚያ አጥፍቷት በእርጥብ ጆንያ እንድትቀዘቅዝ ጀርባዋን ሸፈነ። ጆንያውን ያረጠበው ከራሱ ድርሻ በቀነሰው ውሃ ነው። ቅሉ ሞላ፤ ሌላ ቅል መጣ፣ እሱም ሞላ። ሲጨርስ እንደ ድሮው ደረቅ አየር እስኪያፏጭ አፈሰሳት። ኦይታ የጋሽ በላቸውን እጅ ይዞ ቆየና ሄደ።

ጂንካ እንደገባን ጋሽ በላቸው ከኦፕሬተርነት ልነሳ ብሎ አመለከተ። ለመኑት፣ እምቢ አለ። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለው የመሥሪያ ቤታችን ግቢ በር ላይ ዘበኛ ሆነ። ኮምፕሬሰሯ ለእኔ ተሰጠችኝ። ማታ ማታ ሳፈስ ከበሩ ሆኖ ፉጨቱን ያዳምጣል፤ አንድም ቀን ግን አልተጠጋትም። ሰው ሲሞት ቆሽቴ አሮ ያውቃል፤ ያን የመሰለ ባለሙያ በቁሙ ሲቀር ማየት ግን ከዚያ ይብሳል። እኔ ደግሞ በየሥራው ስዞር አለቃ በአለቃ ተለዋወጠብኝ፤ አንዱ ሰነፍ፣ አንዱ ደግ። እንደሱ ያለ አላገኘሁም።

ደርግ ሊወድቅ በተቃረበበት ወራት ያንን የተተወ ጉድጓድ ጨርሱ ተባልን። አዲስ ጃክ ሀመር ተሰጥቶን ነበር። ወረድኩና በባትሪ አየሁ፤ የተሰበረው ፑንታችን ድንጋዩ ውስጥ እንደተሰካ አለ። ከዚያች ፑንታ ጀምረን ወረድን። በገባን ሰሞን ውሃው ፈነዳ፤ ቆፋሪው እየጮኸ ተጎትቶ ወጣ። ከፑንታው እስከ ውሃው የነበረውን ልክ በገመድ ለካሁት። ባልለካው ይሻለኝ ነበር።

ኦይታ ሞቶ ነበር። ልጁን አገኘሁት። በዚያ ድርቅ ከወንዝ ሲመለሱ፣ ዝናቡ በጣለ ሰሞን፣ እናቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ፍየሏን በገመድ ይዛ እንዳገኛት ነገረኝ። ልጆቿን ሁሉ አይታ፣ መርቃ ነው ከወራት በኋላ የሞተችው። ይህን ስሰማ ጊዜ አላጠፋሁም፤ በመጀመሪያ በተገኘው መኪና ወደ ጂንካ ወጣሁ።

ጋሽ በላቸው ታሞ ቤቱ ተኝቶ ነበር። ውሃ ወጣ አልኩት። ከትራሱ ቀና አለ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ግን ስለ ውሃው አይደለም።

"ምን ያህል ቀርቶን ነበር?"

"ብዙ ነበር ጋሼ" አልኩት። "በእኛ መሣሪያ አንደርስበትም ነበር።"

ወደ እኔ ዞረ። "ለኦይታ ቃሌን ሳታለሳልስ ነው የነገርክልኝ" አለ። "ለእኔም እንደሱ ንገረኝ።"

እጄን ከወለሉ አንስቼ ወገቤ ላይ አደረግሁና አሳየሁት። ይህንኑ ያህል ነበር፤ ከዚህ አይበልጥም። እጄን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ እየተጣደፍኩ የኦይታን ሚስት ነገርኩት፤ ዝናቡን እንዳየች፣ ልጆቿ በሕይወት እንዳገኟት፣ ፍየሏን ይዛ እንደተቀመጠች። ሁለቴ ነገርኩት። እንባዬ እየመጣ ሦስተኛ ልደግመው ስል በእጁ አስቆመኝ።

"ሰማሁ" አለኝ። "ደስ ብሎኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ግን እጅህን አውርደው ማርቆስ።"

ለካ እጄ እስከዚያ ድረስ ወገቤ ላይ ነበር። አወረድኩት። ጋሽ በላቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ዋልኩ።